የአዲስ አበባ የጓሮ ጉድጓዶችና የድንጋዩ ታሪክ

በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች የተዘዋወረ ሰው አፉ በድንጋይ ተክቦ በቆርቆሮ የተከደነ የውኃ ጉድጓድ ማየቱ አይቀርም። ባለቤቱ ጥልቀቱን ቢጠየቅ በሜትር አይናገርም፤ የገመዱን ርዝመት ያሳያል እንጂ። እኔም የአያቴን ጉድጓድ ገመዱን ዘርግቼ ስለካው 11 ሜትር ሆነ።

ከተማው በ1879 ዓ.ም. በፍልውኃ አጠገብ ሲቆረቆር ነዋሪው የሚቀዳው ከምንጭና ከወንዝ ነበር። በ1880ዎቹ ዳግማዊ ምኒልክ በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ለቤተ መንግሥታቸው የቧንቧ ውኃ አስገቡ። ይህ ለሕዝቡ ስላልደረሰ ሕዝቡ በዶማ ጓሮውን ቆፈረ፤ ውኃም በቅርቡ አገኘ። ምክንያቱ ከድንጋዩ ነው።

እንጦጦ ትራካይትና ራዮላይት በሚባሉ፥ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው በሚገመት የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች የቆመ ተራራ ነው። ከግርጌው በስተ ደቡብ ባዛልት ይገኛል፤ ወደ ቦሌ ትኩስ አመድ ተጣብቆ የጠነከረበት ኢግኒምብራይት፥ ወደ አቃቂ ደግሞ ወጣት ባዛልትና ስኮሪያ አለ። ስኮሪያ ማለት በየመንገዱ ሥራ ሲነጠፍ የምናየው፥ ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ቀላል ድንጋይ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አልፈሰሰም። አንዱ ፈሳሽ ቀዝቅዞ ላዩ ወደ ሸክላ አፈር ከተለወጠ በኋላ ሌላው መጥቶ ሸፈነው። ስለዚህ ውኃ በተሰነጠቀው ድንጋይ ሲወርድ ሸክላው ላይ ይቆማል፤ ቆፋሪውም «ወጣ!» ብሎ ይደሰታል። ያገኘው ግን በበጋ የሚጎድል ጥቂት ውኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጎረቤታሞች በልዩ ልዩ ጥልቀት ውኃ የሚያገኙትም ስንጥቁ በሁለቱም ግቢ እኩል ስለማያልፍ ነው።

የእጅ ጉድጓድ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ጽኑው ድንጋይ ዶማውን ይመልሰዋል። የመጸዳጃውም ጉድጓድ የሚቆፈረው በዚያው አፈር፥ ብዙ ጊዜም በዚያው ግቢ ነው። በመካከለኛው ከተማ ምንጮችና ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶች ናይትሬት መብዛቱ በጥናት ታውቋል።

ከዚያ በኋላ የገፈርሳና የለገዳዲ ግድቦች መጡ። እነርሱም ሳይበቁ ቀሩና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአቃቂ ሜዳ ከ20 የሚበልጡ፥ ጥልቀታቸው ከ100 ሜትር የሚያልፍ ጉድጓዶች ለከተማው ውኃ መስጠት ጀመሩ። በኋላ በሌሎች ዳርቻዎች ከ400 ሜትር በላይ የወረዱ አሉ። ሆቴሎችና ፋብሪካዎችም በየግቢያቸው በመሣሪያ ያስቆፍራሉ፤ ደንበኛው ሥራ የላይኛውን ቆሻሻ ውኃ በቱቦና በሲሚንቶ መዝጋት ሲሆን፥ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ይኸው ነው።

ሰው ሁሉ ጥልቅ ጉድጓድን ከጉዳት የራቀ አድርጎ ያስባል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ መሬቱ 1,000 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ የከርሠ ምድሩም ውኃ በጠቅላላው ወደ ደቡብ ይሄዳል። አቃቂ የከተማው ሁሉ የታች ጎረቤት ነው ማለት ነው። ስኮሪያው ብዙ ውኃ የሚሰጥባቸው እነዚያው ቀዳዳዎች ከላይ የመጣውንም ያሳልፋሉ፤ ሸክላው በሳሳበት ቦታ የሚያግደው የለም።

የአያቴ ጉድጓድ ቧንቧ ከገባ ጀምሮ አይቀዳበትም። ቆርቆሮው ዝጎ ተበስቷል፤ ገመዱን ስለካ ከባልዲው ጋር የወጣው አሮጌ ጫማና ፌስታል ነበር። አያቴን ለምን በሸክላ አፈር እንደማይደፈን ብጠይቃቸው «ልጄ፥ ውኃው የጠፋ ዕለትስ?» አሉኝ።