አዋሽ፦ አንድ ወንዝ ለእርሻ፣ ለኃይል እና ለጎርፍ መከላከያ

ስለ ኢትዮጵያ ወንዞች ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ዓባይ ነው። በመስኖ እርሻ ረገድ ግን ቀደም ብሎ በስፋት የለማው የአዋሽ ተፋሰስ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ የሚነሳው አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በጂቡቲ ድንበር በሚገኘው አቤ ሐይቅ ይቀራል። ባሕር ስለማይደርስ፣ ውሃውን የመከፋፈሉ ጥያቄ በአመዛኙ የአገር ውስጥ ጉዳይ ነው።

የቆቃ ሦስት ኃላፊነቶች

እ.አ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ገደማ የማመንጨት አቅም አለው። ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የተባሉትን ጣቢያዎች ካንቀሳቀሰ በኋላ ወደ መስኖ እርሻዎች ይወርዳል።

ፍላጎቶቹ ግን አይገጣጠሙም። ኃይል ለማመንጨት ሐይቁ ከፍ ብሎ፣ ውሃው ዓመቱን ሙሉ በእኩል መጠን ቢለቀቅ ይመረጣል። ገበሬው አብዝቶ የሚሻው በበጋ ነው። ጎርፍን ለመግታት ደግሞ ሐይቁ ከክረምቱ በፊት ጎደል ማለት አለበት። ውሃው ቀድሞ ተለቅቆ ዝናቡ ከቀረ እርሻውም ኃይሉም ይጎዳሉ። ሐይቁ ሞልቶ ከባድ ዝናብ ከመጣ በታችኛው ተፋሰስ የሚኖሩት ይጥለቀለቃሉ። ከደጋው ታጥቦ የሚመጣው ደለልም የሐይቁን የመያዝ አቅም በእጅጉ ቀንሶታል።

የአየር ንብረት ለውጥ ምን ይጨምራል?

እ.አ.አ. በ2015 ከኤልኒኖ ጋር የተያያዘው ድርቅ የአፋር አርብቶ አደሮችን ከብት ፈጀ። በ2020 ደግሞ አዋሽ ከዳርቻው አልፎ በአፋር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቀለ። ሙቀት ሲጨምር ከሐይቅና ከቦይ የሚተነው ውሃም፣ ሰብሉ የሚፈልገው ውሃም ይጨምራል። ስለዚህ ያለፉት ዓመታት ልምድ ብቻውን ግድቡን ለማስተዳደር በቂ መመሪያ አይሆንም።

ዋጋውን ማን ይከፍላል?

አርብቶ አደሮች በበጋ የሚጠለሉበት የወንዙ ዳር ግጦሽ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ውሏል። በድርቅ ዘመን መሸሻቸው የጠበበው በዚህም ምክንያት ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

በቦዮች የሚባክነውን ውሃ መቀነስ፣ ደለሉን ከምንጩ ለማስቀረት በደጋው እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል፣ ውሃውን በዝናብ ትንበያ ላይ ተመሥርቶ መልቀቅ ከመፍትሔዎቹ መካከል ናቸው። ሌላም ዕድል አለ። አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት የሆነው የሕዳሴ ግድብ ሥራ በመጀመሩ ቆቃ ለአገሪቱ የሚያበረክተው የኃይል ድርሻ አነስተኛ ሆኗል። ይህም ከኃይል ይልቅ ለመስኖና ለጎርፍ መከላከል ቅድሚያ ለመስጠት ያመቻል።

የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ቅድሚያ የሚሰጠው ለመጠጥና ለቤት ውስጥ አገልግሎት ነው። የተረፈውን ማን፣ በየትኛው ወር፣ ምን ያህል ይውሰድ የሚለው ግን በየዓመቱ፣ ከዝናቡ ጋር እየታየ የሚወሰን ጉዳይ ነው።