ከቡና በፊት የሚዋጠው ክኒን፦ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና ሕክምናው

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አባባል እንቅርት በደጋማው የአገራችን ክፍል ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ይመሰክራል። እብጠቱ ግን ለዓይን የሚታየው ብቻ ነው። በዚያው አንገት ውስጥ ያለው ዕጢ ሥራውን ሲያቀዘቅዝ የሚመጣው ሕመም ብዙ ጊዜ ከውጭ አይታወቅም። ሕመምተኛው የሚለየው በድካሙ፣ ብርድ ባለመቻሉና በዝግታው ነው። ስለዚህም ብዙዎች ሐኪም ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት «ሰነፈች»፣ «እንቅልፋም ሆነ»፣ «ያለ ዕድሜው አረጀ» እየተባሉ ይከርማሉ።

የታይሮይድ ዕጢ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ በአንገት ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ ነው። ከምግብ የሚያገኘውን አዮዲን ተጠቅሞ የሚሠራቸው ሆርሞኖች ሰውነት ምግብን ወደ ኃይልና ሙቀት የሚለውጥበትን ፍጥነት ይወስናሉ። የልብ ምት፣ የአንጀት እንቅስቃሴ፣ የወር አበባ ዑደት፣ የሕፃናት የአንጎል ዕድገት ሁሉ የእነዚህን ሆርሞኖች መጠን ይከተላል። ሆርሞኑ ሲያንስ በአንጎል ሥር የሚገኘው ፒቱታሪ የተባለ ዕጢ ቲኤስኤች የሚባል ሌላ ሆርሞን አብዝቶ ይልካል። በሬው ሲደክም ጅራፉ እንደሚበዛ ማለት ነው። በደም ምርመራ ቲኤስኤች ከፍ ብሎ የታይሮይድ ሆርሞኑ ደግሞ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ የደከመው ራሱ የታይሮይድ ዕጢው መሆኑ ይታወቃል።

ምልክቶቹ በወራትና በዓመታት ውስጥ ቀስ ብለው ስለሚመጡ በቀላሉ ይለመዳሉ። እንቅልፍ የማያስወግደው ድካም፣ ሌላው ሰው ሳይበርደው መብረድ፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የፀጉር መነቃቀል፣ የፊትና የዓይን ሽፋን ማበጥ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የመርሳትና የመደበት ስሜት፣ የወር አበባ መብዛት፣ መጠነኛ የክብደት መጨመር ይጠቀሳሉ። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሲታዩ ሌላ መነሻ አያጡም። ድካሙ ከሥራ ብዛት ወይም ከደም ማነስ፣ የሆድ ድርቀቱም ከጾም ምግብ ሊመስል ይችላል። በርከት ብለው አብረው ሲመጡ ግን ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ሲሆን፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራትም ሊጀምር ይችላል።

አፈሩ፣ ጨውና ሌሎች መነሻዎች

በተራራማ አካባቢ አዮዲን የሚያንስበት ምክንያት ከአፈር ይጀምራል። ለዘመናት የዘነበው ዝናብና ጎርፍ የላይኛውን አፈር ሲያጥብ አዮዲኑንም አብሮ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ይወስደዋል። አርሶ አደሩ የናይትሮጅን እጥረትን ከሰብሉ ቅጠል መገርጣት ይለያል፤ የአዮዲን እጥረትን ግን ሰብሉ አይነግረውም። ዕፀዋት ለማደግ አዮዲን አያስፈልጋቸውምና ጤፉም ገብሱም አምሮ ይታጨዳል፤ ጉድለቱ የሚወጣው በሚመገበው ሰውና እንስሳ ላይ ነው። አዮዲን ያጣች ፍየል ወይም በግ አንገቱ ያበጠ፣ ፀጉር ያልሸፈነው፣ ለመቆም የሚያቅተው ግልገል ልትወልድ ትችላለች። ይህን ያየ አርቢ የራሱን ቤተሰብ የጨው ዕቃም ቢመለከት መልካም ነው።

አንድ ጎልማሳ በቀን 150፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም ያህል አዮዲን እንደሚያስፈልጋቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ይህን በጣም ጥቂት መጠን ለብዙኃኑ ለማድረስ ቀላሉ መንገድ ጨው ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ጦርነት በፊት የአገሪቱ የምግብ ጨው በአብዛኛው በቀይ ባሕር በኩል ይመጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ምንጭ በአፋር የሚገኘው አፍዴራ ሆነ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብም ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገድዳል። ይሁን እንጂ በጨው ላይ የተጨመረ አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በረጅም ማብሰል ይቀንሳል። በገበያ በጆንያ ተዘርግቶ የዋለ ጨው የታሰበለትን አዮዲን ይዞ ላይገኝ ይችላል። በማሸጊያው ላይ አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን መግዛት፣ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጡም ሊወርድ ሲል መጨመር ይመከራል። ለከብት የሚሰጠው አሞሌ ይህን አያሟላም።

ጎመንና ካሳቫ ዕጢው አዮዲንን እንዳይጠቀም የሚያውኩ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ጉዳታቸው የሚያይለው አዮዲን ባጠረበት ቦታና ብዙ በሚበሉበት ጊዜ ነው፤ በሚገባ የተቀቀለ ጎመንን ከማዕድ ማስወገድ አያስፈልግም።

የአዮዲን እጥረት ግን ብቸኛው መነሻ አይደለም። ሐሺሞቶ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም በ1912 እ.ኤ.አ. በገለጸውና በስሙ በሚጠራው ሕመም የሰውነት መከላከያ ራሱ የታይሮይድ ዕጢውን ያጠቃል። እንቅርት በቀዶ ጥገና የወጣለት ሰው፣ በጨረራማ አዮዲን የታከመ፣ ለአእምሮ ሕመም ሊቲየም ወይም ለልብ ምት መዛባት አሚዮዳሮን የሚወስድ ሰውም ሆርሞኑ ሊያንሰው ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች በተደጋጋሚ ይምታታሉ። እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ሆርሞን አያንሰውም፤ ሆርሞን ያነሰው ሰው ሁሉም እንቅርት አይወጣበትም። እንዲሁም ዕጢው የተጎዳበት ወይም የወጣለት ሰው አዮዲን ያለው ጨው ስለበላ ብቻ አይድንም፤ ጨው ዕጢውን ይመግባል እንጂ አይተካውም። አንገትን መተኮስና መብጣት ደግሞ ቁስልና የደም መፍሰስ ከማምጣት በቀር ሆርሞን አይጨምርም።

ክኒኑ ሲጀመር

የቲኤስኤች ምርመራ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ስለማይገኝ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ግል ላቦራቶሪ ይላካል። ውጤቱ የሆርሞን ማነስን ካረጋገጠ የሚታዘዘው መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን ነው። ይህ ዕጢው ራሱ ከሚሠራው ዋና ሆርሞን ጋር በይዘቱ አንድ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ የጎደለውን ይሞላል ማለት ይቀላል። መጠኑ የሚለካው በማይክሮግራም ነው። ዕጢው ጨርሶ ሥራ ያቆመበት ጎልማሳ በአማካይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ማይክሮግራም ያህል በቀን ያስፈልገዋል፤ 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 80 ገደማ መሆኑ ነው። በዕድሜ የገፉና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን በ12.5 ወይም በ25 ጀምረው ቀስ እያሉ ይጨምራሉ። ለዓመታት ዝግ ብሎ የኖረን ልብ በአንድ ጊዜ ማስሮጥ አደጋ አለውና። ክኒኑ በተጀመረ ሰሞን ደረት የሚወጋ ወይም ልብን አብዝቶ የሚያስመታ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መመለስ ይገባል።

ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ለራስ ምታት የተዋጠ ክኒን በሰዓት ውስጥ ሲያሽል ያየ ሰው፣ ይኸኛውን አሥር ቀን ውጦ ለውጥ ሲያጣ «አልሠራልኝም» ይላል። ሌቮታይሮክሲን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ሰባት ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ መጠኑ በሰውነት ውስጥ እስኪረጋም ስድስት ሳምንት ገደማ ያስፈልጋል። ድካሙ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ መቅለል ሊጀምር ይችላል፤ ቆዳውና ፀጉሩ ግን ወራት ይጠብቃሉ። ስለዚህም ነው ሐኪሙ የደም ምርመራውን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ የሚያዘው። ያ ሁለተኛ ምርመራ ከመጀመሪያው አያንስም፤ ትክክለኛው መጠን የሚገኘው በእርሱ ነውና።

መድኃኒቱ በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰዳል። በእኛ አገር ትልቁ ፈተና ቡና ነው። ቡና ክኒኑ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ በከፊል ስለሚያግድ፣ በስኒ ቡና የዋጠው ሰው የታዘዘለትን ሙሉ መጠን አያገኝም። ማለዳ ተነሥቶ ላም የሚያልብ ወይም ውኃ የሚቀዳ ሰው ከመኝታው እንደተነሣ ክኒኑን ውጦ ወደ ሥራው ቢሄድ፣ ቡናው እስኪፈላ ሰዓቱ በራሱ ያልፋል። ቡናን ተው ከማለት ይህ የተሻለ ምክር ይመስላል። ወተትና የተልባ መጠጥም እንዲሁ ከክኒኑ ይራቁ። የሆርሞን ማነስ ሆድ ስለሚያደርቅ ብዙዎች ማለዳ ተልባ ይጠጣሉ፤ የክኒኑን ሰዓት ግን ሊሻማው አይገባም። የካልሲየምና የአይረን ክኒኖች፣ እንዲሁም የጨጓራ አሲድ ማርከሻዎች ቢያንስ በአራት ሰዓት ተለይተው ይወሰዳሉ።

በጾም ወቅት ማለዳ ውኃ መቅመስ የማይፈልግ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገደድም። ከእራት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ በመኝታ ሰዓት መውሰድ ይቻላል፤ በረመዳንም ይኸው መንገድ ይሠራል። ዋናው ነገር አንድ ሰዓት መርጦ በዚያው መጽናትና ለውጡንም ለሐኪም መንገር ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ክኒኑን ጎን ለጎን ሊቀጥል ይችላል። ክኒኑን ያቆመ ሕመምተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይሰማውም፤ በሰውነቱ የቀረው ሆርሞን ገና ያኖረዋልና «ድኛለሁ» ብሎ ያምናል። ድካሙ ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ደግሞ ከማቆሙ ጋር የሚያያይዘው ሰው ይታጣል። አብዛኛው ሕመምተኛ መድኃኒቱን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል።

ክኒኑ የማቅጠኛ መድኃኒት አይደለም፤ ለጎረቤት የሚዋስም አይደለም። ከመጠን በላይ ሲሆን ልብን ያስመታል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ሲቆይም አጥንትን ያሳሳል። በመድኃኒት ቤት 25፣ 50 እና 100 ማይክሮግራም የሆኑ ክኒኖች ይኖራሉ፤ 50 የሚወስድ ሰው 50ው ጠፍቶ 100 ከተሰጠው መክፈል እንዳለበት ካልተነገረው በየቀኑ እጥፍ ይውጣል። በእያንዳንዱ ግዢ ቁጥሩን ማንበብ፣ ማንበብ ለማይችልም ማስነበብ ያስፈልጋል። የተለየ ፋብሪካ ምርት ከተሰጠም ለሐኪሙ ማሳወቅና ከስድስት ሳምንት በኋላ መመርመር ይገባል። ክኒኑ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት አይወድም፤ ከነማሸጊያው፣ ከምድጃና ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ። ከተማው ሩቅ ለሆነበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሌላ መግዛት ይሻላል።

እርግዝናና አራስ

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው በእርግዝና ነው። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ሆርሞን መሥራት ስለማይችል ከእናቱ ይቀበላል፤ የእናትየው ሆርሞን ካነሰ የአንጎሉ ዕድገት ይጎዳል፣ ፅንሱም ሊጨነግፍ ይችላል። ክኒኑን እየወሰደች ያረገዘች ሴት ብዙ ጊዜ መጠኑ ከ25 እስከ 30 በመቶ መጨመር ስለሚኖርበት፣ የወር አበባዋ እንደቀረ ወዲያው ወደ ሐኪሟ መሄድ አለባት። ምርመራውም በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ በየአራት ሳምንቱ ይደረጋል። «መድኃኒት ፅንስ ይጎዳል» ብሎ ማቆም እዚህ ላይ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጡት ለምታጠባ እናትም ክኒኑ አያሰጋም።

በእርግዝና ክትትል ለእያንዳንዷ እናት የሚታደለው የአይረን ክኒን ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሁለቱን ክኒኖች በአንድ ጉርሻ ውኃ የምትውጥ እናት ሁለቱንም ያለማጓደል ወስዳ ሳለ ሆርሞኑ ሊያንሳት ይችላል። የታይሮይዱ ማለዳ፣ አይረኑ ማታ ቢሆን ችግሩ ይቀራል። የክትትሉን ካርድ ለያዘችው የጤና ባለሙያ የታይሮይድ መድኃኒት እንደምትወስድ መንገርም አይዘንጋ።

አልፎ አልፎ ሕፃን የታይሮይድ ዕጢው ሳይሠራ ይወለዳል። የዓይንና የቆዳ ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ለመጥባት የሚሰንፍ፣ አብዝቶ የሚተኛ፣ ሆዱ የሚደርቅ፣ ምላሱ የተለቀና እምብርቱ ያበጠ አራስ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ሕክምናው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተጀመረ ሕፃኑ እንደ እኩዮቹ የማደግ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ወራት ካለፉ የተጎዳው አንጎል በክኒን አይመለስም። በአዋቂ ላይም ለረጅም ጊዜ ያልታከመ ሰው በብርድ ወቅት ወይም በሌላ ሕመም ላይ ሳለ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ሐሳቡ ከተዘበራረቀና እየፈዘዘ ለመንቃት ካስቸገረ፣ በሸክምም ቢሆን በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል።