ዜና አቡበከር ናስር፤ በጎጃም መንገድ ዳር እንደ ተጻፈ



ይህ ዜና የተጻፈው ከደንበጫ እስከ ቡሬ፣ ከማንኩሳ እስከ ወምበርማ፣ እህሉ ታጭዶ ማሳው ሲራቆት የጨርቅ ኳስ ይዘው ለሚወጡ ልጆች ነው። እነርሱ ስለ አንድ ወጣት የመስመር አጥቂ ዘወትር ይጠይቃሉና፣ የሠራው ሥራ ሳይረሳ በቀንና በዓመት ተቆጥሮ እንዲቀመጥላቸው ወደድን።

በ1992 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ አቡበከር ናስር ተወለደ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለም የኢትዮጵያ ቡናን ማልያ ለበሰ። ይህ ክለብ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በ2003 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ እጅ አንስቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደጋፊው እየዘመረ ብዙ ክረምት ጠበቀ። ልጁ በመጣባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተደረገው በአጭር ይበቃል፦ ተሰለፈ፣ ተቀየረ፣ አገባ፣ ተማረ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ በዓለም ሁሉ ላይ ሆነ፤ ሊጉም ሳይፈጸም ተሰረዘ፤ ሜዳዎችም ዝም አሉ።

ከዚህ በኋላ የ2013 ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ማቴዎስ ገባ። በዚህ ዓመት የሆነው ብዙ ነውና በሰፊው እንጽፋለን።

በዚያ ዓመት ክለቦቹ እንደ ወትሮው ከሜዳ ወደ ሜዳ አልተመላለሱም። ሁሉም በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ ተጫወቱ። ጨዋታውም በቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ በሱፐርስፖርት ካሜራ ይታይ ጀመር። በሊጉ የተሰለፉት ዐሥራ ሦስት ነበሩ፤ የትግራይ ሦስቱ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት አልመጡም፤ እግዚአብሔር ሁሉንም ይማር።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በፕሪሚየር ሊጉ የሚሰለፍ ክለብ የላቸውም። ሆኖም ዲኤስቲቪ ባለበት ሻይ ቤት ሁሉ ልጆች ተሰበሰቡ፤ አግዳሚ ያጣ በደጃፍ ቆመ። ቀድሞ የአርሰናልንና የማንቸስተርን ስም ብቻ የሚጠሩት፣ አሁን በአማርኛ የሚጠራ ስም አገኙ። አቡበከርን አዩት፤ ወደዱትም። ኳስ ይዞ ከመስመር ወደ ውስጥ ሲገባ አይቸኩልም፤ ተከላካዩ እግሩን እስኪያነሣ ይጠብቃል፣ ያን ጊዜም ያልፈዋል። በግብ ጠባቂ ፊት ብቻውን ሲቀር ደግሞ ልቡ አይመታም። ብዙዎች በሩጫ ይበልጡት ይሆናል፤ በእርጋታ የሚበልጠው ግን በዚያ ዓመት በሊጉ አልታየም።

ግቦቹም ተቆጠሩ። ዐሥር ሆኑ፤ ሃያ ሆኑ፤ የዮርዳኖስ ዓባይ የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ዘመናት ሳይነካ ከቆየ በኋላ በዚህ ወጣት እግር ተሻረ። ዓመቱ ሲፈጸም 29 ግብ ሆነ። ሃያ አንድ ዓመት ለሆነው ልጅ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ዮርዳኖስን የሚያስታውሱ አባቶችም አልተከፉም፤ ክብረ ወሰን ለሚሽረው ይጠበቃልና። ዋንጫው ግን ወደ ጎንደር ሄደ፤ ፋሲል ከነማ ወሰደው፤ ቡና ሁለተኛ ሆነ።

አሁን ደግሞ የመጋቢትን ቀን እንናገር።

መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በባሕር ዳር ስታዲየም ከማዳጋስካር ጋር ተገናኘ። የአሠልጣኙ ወንበር የውበቱ አባተ ነበረ፤ ለቡና ዋንጫ ያመጣው ሰው አሁን የቡናን ልጅ በብሔራዊ ቡድን አሰለፈ። ማዳጋስካር የምትናቅ አልነበረችም። ከሁለት ዓመት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ዋንጫ ገብታ ናይጄሪያን አሸንፋ፣ እስከ ሩብ ፍጻሜ የደረሰች ናት። በዚህ ምድብም በሜዳዋ ኢትዮጵያን 1 ለ 0 ረትታ ነበር። ስለዚህ በዚያ ቀን ብዙ ሰው በፍርሃት ተቀምጦ ነበር።

እግዚአብሔርም ቀኑን ለኢትዮጵያ ሰጠ። አማኑኤል ገብረ ሚካኤል አገባ፤ ጌታነህ ከበደ አገባ፤ አቡበከር ናስር አገባ፤ ሽመልስ በቀለም አገባ፤ 4 ለ 0 ሆነ። አራት ግብ፣ አራት ሰው። ከአንዱ ክንፍ የወጣ ኳስ በሌላው ክንፍ ይጠበቅ ነበር፤ የማዳጋስካር ተከላካዮች ወደ ማን እንደሚዞሩ አጡ። የሚያስደንቀው ነገር አቡበከር በሊጉ ግብ ሁሉ የእርሱ ሆኖ ሳለ በዚህ ሜዳ ከአራቱ አንዱ ለመሆን መፍቀዱ ነው። ለጓደኛው ይለቃል፤ ሲመለስለት ይቀበላል። አጥቂ ሆኖ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ በሃያ አንድ ዓመቱ የሚያውቅማ ይልቁንም ጥቂት ነው።

በዚያ ምሽት ከፍኖተ ሰላም አደባባይ እስከ ቡሬ መገንጠያ፣ ወደ ነቀምቴ የሚታጠፈው መንገድ እስከሚጀምርበት፣ የተሽከርካሪ ጥሩንባ ነበር። ክርስቲያኑ ልጅ አቡበከር አለ፤ ሙስሊሙ ልጅ አማኑኤል አለ። እኛም ይህን ሰምተን ፈጣሪን አመሰገንን፤ ጸጋን ሲያድል ደጅ አይመርጥምና።

ከስድስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 21፣ በእመቤታችን በዓል፣ በአቢጃን ከአይቮሪኮስት ጋር ተጫወቱ። የዚያ ሜዳ ውጤት የእኛ አልነበረም። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዋናው ዳኛ ታሞ ወደቀና ተቋረጠ። በዚያው ቀን ግን ማዳጋስካርና ኒጀር ያለ ግብ ተለያዩ፤ ኢትዮጵያም ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አለፈች። በ1954 ዓ.ም. ጥር 13 ቀን በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫ ያነሡት የእነ መንግሥቱ ወርቁ አገር፣ ለማለፍ ይህን ያህል መጠበቋ ያሳዝናል፤ ማለፏ ግን ደስ ያሰኛል።

በ2014 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ሁለት ነገር ሆነ። የባሕር ዳር ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ አላሟላም ተባለ፤ ብሔራዊ ቡድኑም «በሜዳው» የሚጫወተውን በሰው አገር ይጫወት ጀመር። በጥር ወር ደግሞ ለአፍሪካ ዋንጫ ወደ ካሜሩን ሄዱ፤ አንድ ነጥብ ይዘው ተመለሱ፤ አስተናጋጇ ብርቱ ነበረች።

ነገር ግን ሰኔ 2 ቀን በማላዊ፣ በሊሎንግዌ፣ ከግብፅ ጋር የሆነውን ማን ዝም ይላል? ግብፅ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰች ነበረች። ዳዋ ሆቴሳ አገባ፤ ሽመልስ በቀለ አገባ፤ 2 ለ 0 አሸነፉ። አቡበከርም በዚያ ሰልፍ ነበረ። ኳስ ወደ እርሱ በመጣ ቁጥር ግብፃውያን ሁለት ሆነው ይቀርቡት ነበር፤ ሁለቱ ወደ እርሱ ሲመጡም ሌላው ይለቀቃል። በታኅሣሥ ማሳ ላይ ገና የሚጫወት ፈጣን ልጅ ሩሩን ይዞ በዳር ሲሮጥ ሰፈሩ ሁሉ ወደ እርሱ እንደሚፈስ፣ እንዲሁ ሆነ። ይህ ድል በባሕር ዳር ሣር ላይ መሆን ይገባው ነበር፤ የጎጃም ልጅ በእግሩም በሚኒባስም ሄዶ በዓይኑ ያየው ነበር። ሜዳውን ለመጠገን ሥልጣን ኖሯቸው ያዘገዩት በዚያ ቀን ደስታቸው ሙሉ እንዳልነበረ እናምናለን።

በዚያው ክረምት አቡበከር ወደ ደቡብ አፍሪካ ወርዶ ማሜሎዲ ሰንዳውንስን ተቀላቀለ። ጌታነህ ከበደ ቀድሞ በዚያ አገር በቢድቬስት ዊትስ ተጫውቶ መንገዱን አሳይቶ ነበር፤ ሰንዳውንስ ግን በአህጉሩ ከታላላቆቹ አንዱ ነው፤ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫም በ2009 ዓ.ም. መግቢያ አንሥቷል። እንዲህ ያለ ቤት ከአዲስ አበባ ወጣት መጥራቱ ለወጣቱም ለጠሪውም ክብር ነው። ኋላ እግሩን ጉዳት አገኘው፤ ምሕረት ከላይ ናት።



በመጨረሻም ይህን ለሚያነቡ ሹማምንትና የክለብ አለቆች እንዲህ እናመለክታለን። አቡበከር የታየው በአዲስ አበባ ሜዳ ስለ ነበረ ነው። በሽንዲ፣ በማንኩሳና በፈረስ ቤት ማሳ ላይ በዳር የሚሮጠውን ልጅ ግን የሚያይ መልማይ የለም። መከሩ ከገባ በኋላ ልጆቹ በሚሰበሰቡበት በገና ሰሞን፣ አንድ አሠልጣኝ ከባሕር ዳር ተነሥቶ እነዚህን ወረዳዎች ይዙር፤ የወደዳቸውን ልጆች ስም ይጻፍ፤ ታኬታ የሌላቸውንም ታኬታ ይግዛላቸው።