ቃጠሎና ቀዝቃዛ ውኃ፤ ከጥንት እስከ ዛሬ



በየቤታችን እሳት የማይነድበት ቀን የለም። ጀበናው ሲገለበጥ፥ የሻይ ማንቆርቆሪያው ሲደፋ፥ ወይም የጋለ ምጣድ እጅን ሲነካ፥ በቤት ያለው ሰው ሁሉ ደንግጦ ይነሣና አንዱ ቅቤ፥ አንዱ የእንቍላል ነጩን፥ አንዱም የጥርስ ሳሙና ይዞ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በርኅራኄ ነው፤ ዳሩ ግን ርኅራኄ ዕውቀት ሲጐድለው የሚጠቅም መስሎ ይጐዳል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የሰው ልጅ ቃጠሎን ለማከም ስንት ዘመን እንደ ደከመና በመጨረሻ ከምን እንደ ደረሰ በአጭሩ እናወሳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከ3500 ዓመት በፊት በግብጽ ምድር በተጻፈው፥ ኤበርስ በሚባለው የፓፒረስ ጥቅል ውስጥ፥ ለቃጠሎ የታዘዘው መድኀኒት ወንድ ልጅ የወለደች ሴት ወተት ከሙጫና ከበግ ጠጕር ጋራ ተደባልቆ ነበር። የግሪኮች ሊቅ የኢጶክራጥስ መጻሕፍት ደግሞ የቀለጠ የዓሣማ ስብ ከዛፍ ሙጫ ጋራ በጨርቅ ላይ ተቀብቶ እንዲታሰር ያዝዛሉ። እንግዲህ በቃጠሎ ላይ ቅባት መለጠፍ የእኛ አገር ልማድ ብቻ ሳይሆን፥ የዓለም ሁሉ የቈየ ልማድ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት በፋርስ የኖረው ታላቁ ሐኪም አል ራዚ ግን ለቃጠሎ ቀዝቃዛ ውኃ እንደሚበጅ መክሯል። ይህ ምክር ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ቢኖረውም፥ ቀላልና ርካሽ ስለ ሆነ ይመስላል፥ ብዙዎች አልተቀበሉትም።

በ16ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ፥ በፈላ ዘይት ለተቃጠለ የወጥ ቤት አገልጋይ መድኀኒት ሲፈልግ፥ አንዲት የገጠር አሮጊት የተወቀጠ ሽንኵርት ከጨው ጋራ እንዲያደርግበት ነገረችው። እርሱም ምክሯን አልናቀም፤ ነገር ግን እንዲሁ አላመነም። በኋላ ባሩድ ፊቱን ያቃጠለው አንድ ወታደር ሲመጣለት፥ በአንዱ ጉንጩ ላይ ሽንኵርቱን፥ በሌላው ላይ የተለመደውን መድኀኒት አድርጎ የሁለቱን ውጤት አመዛዘነ። ዛሬ በቃጠሎ ላይ ሽንኵርት የሚያዝዝ ሐኪም የለም፤ ሆኖም ከፓሬ የቀረልን ትልቁ ትምህርት ሽንኵርቱ ሳይሆን ማመዛዘኑ ነው። ከዚያም በ1607 ዓመት ጀርመናዊው ዊልሄልም ፋብሪ ስለ ቃጠሎ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ በባዝል ከተማ አሳትሞ፥ ቃጠሎን እንደ ጥልቀቱ በሦስት ደረጃ ከፈለው።

በ1799 ዓመት እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ኧርል ስለ ቀዝቃዛ ውኃና ስለ በረዶ ጥቅም ጻፈ። ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዓመት በሰፊው የተሠራበት፥ በስኮትላንድ በሚገኘው በካሮን የብረት ፋብሪካ ስም የተጠራው፥ ከተልባ ዘይትና ከኖራ ውኃ የሚሠራ ቅባት ነበር። በ1925 ዓመት ደግሞ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዴቪድሰን ቈዳ ለማልፋት የሚያገለግለውን ታኒክ አሲድ አመጣ። ይህም የተቃጠለውን ገላ እንደ ጫማ ቈዳ አደረቀው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተቃጠሉ አብራሪዎችን ያክም የነበረው አርቺባልድ ማኪንዶ፥ ጣቶችና የዐይን ሽፋኖች በዚሁ መድኀኒት ምክንያት ሲደርቁና ሲኰማተሩ አየ። ባሕር ላይ የወደቁት አብራሪዎች ግን በየብስ ከወደቁት ይልቅ ቍስላቸው በመልካም ሁኔታ ይድን ነበር። ስለዚህ ታኒክ አሲዱን ትቶ በሽተኞቹን በጨው ውኃ መታጠቢያ ያክማቸው ጀመር።

በመጨረሻም የአይስላንዱ ሐኪም ኦፌጉር ኦፌግሶን ስለ ውኃ ማቀዝቀዝ ያደረገውን ምርመራ በ1965 ዓመት በቀዶ ጥገና መጽሔት አሳተመ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎችም ይህንኑ አጸኑት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እጃችንን ከእሳቱ ብናርቅም ሙቀቱ በቈዳችን ውስጥ ቀርቶ ወደ ጥልቁ መውረዱን አያቆምም። ቈዳ ከላይ ብቻ ሲቃጠል ያለ ጠባሳ ይድናል፤ የውስጠኛው ክፍል ሲነካ ግን ጠባሳ ይተዋል። እንግዲህ ጠባሳ በአብዛኛው የሚወሰነው በኋላ በሚገዛው ቅባት ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ውኃ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ቅቤ ግን ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፥ ተሐዋስያንንም ይጨምራል።

ስለሆነም ቃጠሎ ሲደርስ ቀለበትና ሰዓት ገላው ሳያብጥ ይውለቅ፤ ከቈዳው ጋራ የተጣበቀ ልብስ ግን አይነካ። የተቃጠለው ቦታ በሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ይቈይ። ቧንቧው ውኃ ባይኖረው፥ ከተጠራቀመው ንጹሕ ውኃ በጣሳ እየቀዱ በቀስታ ማፍሰስ ይቻላል። ጊዜው ቢያልፍም እስከ 3 ሰዓት ድረስ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል። በረዶ ግን የደም ሥሮችን አጥብቦ ጉዳቱን ስለሚያብስ አይደረግ። ሕፃን ከሆነ የቀረው ገላው እንዳይበርደው ይሸፈን። ከዚያ በኋላ ቍስሉን በማይጣበቅ ንጹሕ ነገር ሸፍኖ መያዝ ነው። ውኃ የቋጠረውንም ማፈንዳት አይገባም።

ቃጠሎው ከበሽተኛው መዳፍ የሰፋ ቢሆን፥ ወይም ፊትን፥ እጅን፥ እግርን፥ መጋጠሚያን ወይም ኀፍረተ ገላን ቢነካ፥ ነጭ ወይም ጥቍር ሆኖ ሕመም ባይሰማ፥ በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል የመጣ ቢሆን፥ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ቢሆን፥ የቤት ሕክምና አይበቃም፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። በዚያም ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት መጠየቅ መልካም ነው።

ቍስሉ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ አዲሱን ቈዳ ሽታ በሌለው ቅባት ማለስለስ፥ በቀስታ ማሸት፥ ከፀሐይም መሸፈን ይገባል፤ ፀሐይ ያልጸናውን ቈዳ ታጠቍረዋለችና። ከሦስት ሳምንት በላይ የቈየ ቍስል ጠባሳ የመተው ዕድሉ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ሐኪም ይየው። ጠባሳ ከቍስሉ አልፎ እየፋፋ ማደጉ ጥቍር ቈዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ለዚህም ከ1983 ዓመት ጀምሮ በሕክምና መጽሔቶች የተወሳው፥ በጠባሳው ላይ የሚለጠፈው የሲሊኮን ጨርቅ ይረዳል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የሚመክሩት ጥፋት ሳይሰፋ በትንሹ እንዲገታ ነው። ምድጃና ማንቆርቆሪያ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ማኖር የመጀመሪያው ሕክምና ነው። ከዚህ ያለፈ ቢደርስ ግን፥ የቤተ ሰብ አባል ሁሉ፥ በምድጃው አጠገብ የምትውለዋም ሠራተኛ ጭምር፥ ከቅቤው ዕቃ በፊት ወደ ውኃው መሮጥን ይወቅ። የአንድ ልጅ ፊት ወይም የአንዲት ወጣት እጅ ዕድሜ ልክ ጠባሳ ይዞ እንዳይኖር የሚያደርገው ይህ የ20 ደቂቃ ትዕግሥት ነውና።