ያላየ አይማርም፦ ስለ ባስኮች፣ ስለ ዳባዲ እና ስለ እኛ

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ጫፍ፣ ከስፔን ድንበር አጠገብ፣ አንዳይ የምትባል ከተማ አለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ አትላንቲክን ቁልቁል ከሚያይ ገደል አፋፍ ላይ አንድ ግንብ ቆሟል። በግንቡ የምግብ አዳራሽ ያሉት ወንበሮች መደገፊያቸው ላይ ፊደል ተጽፎባቸዋል። የላቲን ፊደል እንዳይመስላችሁ፤ የእኛው ሀ ሁ ነው። ወንበሮቹ በተራ ተደርድረው ሲነበቡ በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከሃዲ እንዳይገኝ የሚመኝ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይወጣቸዋል።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ “የትኛው አበሻ ነው እዚያ ድረስ ሄዶ ግንብ የሠራው?” ብዬ ነበር። ያሠራው ግን አበሻ አይደለም። አንቷን ዳባዲ ይባላል። እናቱ አየርላንዳዊት፣ አባቱ ደግሞ ባስክ ነበሩ። በ1810 ደብሊን ተወለደ፣ ፈረንሳይ አደገ፣ ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ገደማ በአገራችን ኖረ። (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ካልሆነ እናገራለሁ።) እዚህ አገር ታሪክ የሚያነብ ሰው ስሙን በካርታና በብራና ጉዳይ ያውቀዋል። እዚያ ግን በሌላ ነገር ነው የሚታወቀው። ባስኮች የቋንቋቸው ባለውለታ አድርገው ያነሱታል። እንግዲህ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ሁለተኛው ዳባዲ፣ እና እሱ ውሃ ካጠጣው በኋላ ዛፍ ስለሆነው የባስክ ጥናት ነው።

ለመሆኑ ባስኮች እነማን ናቸው?

በፒሬኔ ተራሮች ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከፊሉ በስፔን ከፊሉ በፈረንሳይ የሚኖር ሕዝብ ነው። ቋንቋቸው ኤውስካራ ይባላል። ስፓኒሽና ፈረንሳይኛ ወንድማማቾች ናቸው፤ እንግሊዝኛና ሩሲያኛ እንኳ በሩቁ ይዛመዳሉ። ኤውስካራ ግን በዓለም ላይ ከሚነገር ከየትኛውም ቋንቋ ጋር ዝምድናው አልተረጋገጠም። እኛ አማርኛን ከግዕዝ፣ ከትግርኛ፣ ከዐረብኛ ጋር እያስተያየን እንማራለን። ባስኩ ግን ወደ ግራ ቢያይ ቀኝ የአጎት ልጅ የለውም።

ከእኛ ታሪክ ጋር የነካካቸው ዳባዲ ብቻ አይደለም። የኢየሱሳውያንን ማኅበር የመሠረተው የሎዮላው ኢግናጥዮስ ባስክ ነበር፤ በ1555 ለአጼ ገላውዴዎስ ደብዳቤ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ በአገራችን ያመጣው ጣጣ በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ምን ድረስ እንደሄደ የምናውቀው ነው።

በኤውስካራ የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1545 ቦርዶ ላይ የወጣ የአንድ ቄስ የግጥም ስብስብ ነው። ቄሱ በርናት ኤቼፓሬ ይባላል። ቋንቋው ወደ ዓለም አደባባይ እንዲወጣ የሚለምነውም በዚሁ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን አደባባዩ ቶሎ አልሰማውም። ኤውስካራ የገበሬ፣ የእረኛና የዓሣ አጥማጅ ቋንቋ ሆኖ ሲቀር የመንግሥቱም የትምህርቱም ነገር በሌላ ቋንቋ ይካሄድ ነበር።

ሊቃውንት ወደ ባስክ አገር መምጣት ሲጀምሩ ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ፎን ሁምቦልት በ1799 አለፈበት፣ በ1801 ለጥናት ብሎ ተመለሰ። የናፖሊዮን የወንድም ልጅ የሆነው ልዑል ሉዊ ሉሲየን ቦናፓርት ደግሞ ገንዘቡን አፍስሶ በየመንደሩ ተርጓሚ እየቀጠረ የቋንቋውን ዘዬዎች ለያቸው፤ በ1863 በካርታ አሳያቸው። ልዑሉ የሠራው ሥራ ዛሬም ይጠቀሳል። ነገር ግን አስቡት፤ የአንድ ሕዝብ አነጋገር ይሰበሰባል፣ ይመዘናል፣ በሩቅ ከተማ ይታተማል። ባለቤቱ እረኛ ግን መጽሐፉን አያየውም፤ ቢያየውም አያነበውም።

ዳባዲ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ገና ወደ አገራችን ሳይመጣ፣ በ1836፣ ከኦጉስተን ሻሆ ጋር ሆኖ የኤውስካራን ሰዋስው የሚያጠና መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ከኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ለየት ያለ ነገር አደረገ። በ1853 ኡሩኝ በምትባል ከተማ በኤውስካራ ብቻ የሚገጠምበት የግጥም ውድድር አስጀመረና ሽልማቱን ከኪሱ ከፈለ። ውድድሩ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ፣ ድንበሩንም ተሻግሮ ስፔን ገባ። እረኛው የሚናገረውን ሰብስቦ መሄድ ሳይሆን፣ እረኛው ራሱ እንዲጽፍ ምክንያት መስጠት ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። ያው ዳባዲ በኢትዮጵያ ምን አደረገ? ከምጽዋ እስከ ከፋ ተራራን ከተራራ እያነጣጠረ ለካ፤ የጥቁር ዓባይ ሳይሆን የነጭ ዓባይን ምንጭ እፈልጋለሁ ብሎ እስከ እናሪያ ዘለቀ። (ምንጩን በጊቤ በኩል አገኘሁት ማለቱ ስህተት ነበር፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ደግሞ ከናካቴው ከፋ አልደረሰም ብሎ በ1850 መጽሐፍ ጻፈበት።) የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ በ1881 ፓሪስ ላይ አሳተመ። ገዝቶም አስገልብጦም ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ይዞ ሄደ። መጻሕፍቱ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

ሰውየውን ልወቅሰው አይደለም። ብራናዎቹን በ1859 በዝርዝር መዝግቦ ለዓለም አሳውቋል፤ በመቅደላ በ1868 እንደተደረገው በጠመንጃ የዘረፈው ነገርም አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን ሥራዎቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ይከነክነኛል። በአባቱ አገር ዘራ፤ በእኛ አገር አጨደ። እዚያ ገጣሚ አበረታታ፤ እዚህ መጽሐፍ ሰበሰበ። የዘራው የሱ አገር ስለሆነ ነው፤ የእኛን አገር መዝራት ደግሞ የእሱ ዕዳ አልነበረም። የማን ዕዳ እንደሆነ ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ባስኮቹ ዕዳቸው መሆኑ የገባቸው ቀደም ብለው ነው። በ1918 ኦኛቲ ላይ ትልቅ ጉባኤ አድርገው የባስክ ጥናት ማኅበር መሠረቱ፤ ከዚያው ተያይዞ የቋንቋ አካዳሚያቸው ኤውስካልትሳይንዲያ ተወለደ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሬሱሬክሲዮን ማሪያ ደ አስኩዌ የሚባል ቄስ ሲሆን ቀደም ብሎ በ1905 እና 1906 ባለ ሦስት ቋንቋ መዝገበ ቃላት አሳትሞ ነበር። ሌላው ቄስ ሆሴ ሚገል ደ ባራንዲያራን ደግሞ ዋሻ ይቆፍራል፣ ገበሬ ቤት ገብቶ ስለ ሙት፣ ስለ ዛር፣ ስለ እሳት ዳር ተረት ይጠይቃል፣ ይጽፋል። የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በ1936 ሲነሳ ድንበር ተሻግሮ ተሰደደ፤ የተመለሰው በ1953 ነው። በስደትም ሥራውን አላቆመም። በ1991 ሲሞት 102 ዓመት ሊሞላው ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር።

ከሁሉም ግን እኔን የሚያስደንቀኝ የኮልዶ ሚቸሌና ታሪክ ነው። በ1915 የተወለደ የኤሬንቴሪያ ልጅ ነው። በጦርነቱ ከባስክ ወገን ተሰልፎ ተማረከ። ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ 30 ዓመት እስራት ተለወጠለት። እስር ቤት ውስጥ ከታሰሩ ምሁራን ጋር እየተማረ ቆየ። በ1943 ተፈታ፣ በ1946 እንደገና ታሰረ። ከእስር ወጥቶ በ1959 የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ፤ በ1961 ደግሞ የኤውስካራ ድምፆች በዘመናት እንዴት እንደተለወጡ የሚያሳየውን መጽሐፉን አሳተመ። ኤውስካራ በጽሑፍ ካልተመዘገበበት ዘመን ምን ይመስል እንደነበር በሥርዓት መገመት የተቻለው በሱ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ባሰረው መንግሥት ዘመን፣ በሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ!

በ1968 አካዳሚው አራንትሳሱ ገዳም ላይ ተሰብስቦ አንድ የጋራ የጽሕፈት ኤውስካራ ለማቆም ሲመክር ሐሳቡን ያቀረበው ይኸው ሰው ነበር። ጉባኤው ላይና ከጉባኤው በኋላ ትልቁ ጠብ ምን ላይ ነበር ብትሉኝ፣ “ህ” የሚለው ድምፅ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለው ላይ! በፈረንሳይ በኩል ያሉት ይናገሩታል፣ በስፔን በኩል ያሉት አይናገሩትም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ይቀነሱ፣ አይቀነሱ እያልን ስንጨቃጨቅ የኖርን እኛ በዚህ ልንስቅ አንችልም። ልዩነቱ፣ እነሱ ተጨቃጭቀው ወሰኑ፤ ከዚያም በተወሰነው ጻፉ፣ አስተማሩ። ሚቸሌና የጀመረው ታላቁ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ቅጹ የወጣው እሱ በሞተበት በ1987 ሲሆን በ16 ቅጽ የተጠናቀቀው በ2005 ነው።

“እኛስ ምን አለን?” ለሚል፣ አለን። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደራሲው ካረፉ በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ እጅ ተቃንቶ በእኛ አቆጣጠር በ1948 ታትሟል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 ሊይዟቸው በመጡ ወታደሮች ተመትተው እግራቸው ሽባ ቢሆንም፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና ፊልሞቻችንን ሲመዘግቡ ኖረው በ2021 አርፈዋል። ሚቸሌና በእስር ቤት፣ ጌታቸው በተሽከርካሪ ወንበር። የሚያስብ ሰው ልብ የሚሰበር ነገር ነው። ጎሎብን የኖረው ከአንድ ሊቅ ቀጥሎ ሌላ የሚተካበት ቤት ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ደቀ መዝሙር ስለነበራቸው መጽሐፋቸው ዳነ። ባይኖራቸውስ?

የባስክ ጥናት ግን ሁሉ ነገር ያማረለት አድርጌ እንዳላቀርብላችሁ አንድ ቅሌት ልንገራችሁ። በ2006 ኢሩኛ ቬሌያ ከተባለ የሮማውያን ዘመን ፍርስራሽ ትንግርት ተገኘ ተባለ። ከ3ኛው ምእተ ዓመት ነው በተባለ የሸክላ ስብርባሪ ላይ በኤውስካራ የተጻፉ ቃላት! ለአንድ ጽሑፉ ዘግይቶ ለተገኘ ቋንቋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገምቱት። አገሩ በደስታ ሰከረ። ነገር ግን ራሳቸው የባስክ ቋንቋ ሊቃውንት ቀረብ ብለው ሲያዩት፣ ቃላቱ በዚያ ዘመን ሊኖራቸው የማይችል መልክ ነበራቸው። በ2008 የአውራጃው መስተዳድር የባለሙያዎችን ምርመራ ይዞ ሐሰተኛ ናቸው አለ። በ2020 ፍርድ ቤት የቁፋሮውን የቀድሞ ኃላፊ ጥፋተኛ አለ። ሐሰተኛ ያሉት የባስክ ጠላቶች አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ለኤውስካራ የሰጡ ሰዎች ናቸው። “እንዴት በገዛ ቋንቋህ ትፈርዳለህ?” ተብለው ተሰድበዋል።

ይህ ታሪክ ደግሞ ዞሮ ወደ ዳባዲ ብራናዎች ይመልሰናል። የምንኮራበት የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ለዓለም የታወቀው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ሚሲዮናዊ ለዳባዲ በላከለት ቅጂ ነው። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ሐተታውን የጻፈው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው አለ። ክላውድ ሰምነር ደግሞ አይደለም ብሎ ተሟገተ። ጌታቸው ኃይሌ ራሳቸው ቀድሞ ከተጠራጣሪዎቹ ጋር ነበሩ፤ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እኔ በዚህ ዳኛ ልሆን አልችልም። ነገር ግን አንዳንዶቻችን ጥያቄው ሲነሳ “አገር ተሰደበ” ብለን ስንነሳ፣ ሌሎቻችን ደግሞ ፈረንጅ ስላለ ብቻ ስንቀበል አያለሁ። ሁለቱም ብራናውን አያነቡም። የቬሌያ ሊቃውንት ያስተማሩኝ ይህን ነው፤ የራስን ነገር መውደድ ማለት ግዕዙን ተምሮ፣ ብራናውን ገልጦ፣ እውነቱ የመጣበትን መቀበል ነው።

እውነቱም አንዳንዴ ይክሳል። በ2021 ናባራ ውስጥ ኢሩሌጊ በተባለ ቦታ ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የእጅ ቅርጽ ያለው ነሐስ ተገኘ። ላዩ ላይ ጽሑፍ አለበት። በ2022 ለሕዝብ ይፋ ሲደረግ የመጀመሪያው ቃል “ሶሪዮኔኩ” ተብሎ ተነበበ፤ ከዛሬው ኤውስካራ “ሶሪዮኔኮ” ጋር ይመሳሰላል፤ ባለ መልካም ዕድል እንደማለት ነው። ሊቃውንቱ ግን ከቬሌያ ተምረዋልና ለደስታ አልቸኮሉም። ንባቡን ዛሬም ይከራከሩበታል።

ወደ ግንቡ ልመልሳችሁና ላብቃ። ዳባዲ ከግንቡ ክፍል ሆኖ የላ ሩን ተራራን ጫፍ በመነጽር ለማየትና ብርሃን በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚጎብጥ ለመለካት ግድግዳዎቹን በቀጥታ መስመር አስበስቶ ነበር። አልሆነለትም፤ ተራራው በቀዳዳው አልታየም። ሌላ ሰው ቢሆን ቀዳዳውን ደፍኖ ዝም ይል ነበር። እሱ ግን በኤውስካራ አጻፈበት። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ “አላየሁም፣ አልተማርኩም” ማለት ነው።

በየገዳሙ ዕቃ ቤት የተቀመጡ፣ ፓሪስም ያሉ ብራናዎች አሉን። ብዙዎቻችን አላየናቸውም። ቀዳዳው ግን ተበስቷል፤ ዓይናችንን ማስጠጋት ነው የቀረን።