እምቢታ ወይስ ፍርሃት? ዓይነ ምድሩን የሚያምቅ ሕፃን በሕክምና ታሪክ

ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ባለው ዕድሜ የሚገኝ ሕፃን ዓይነ ምድሩ ሲመጣበት አንዳንድ ጊዜ ተመልካችን ግራ የሚያጋባ ነገር ያደርጋል። ከጨዋታው ተለይቶ ጥግ ይይዛል፤ እግሮቹን ያጣምራል ወይም በጣቶቹ ጫፍ ይቆማል፤ መቀመጫውን ጨምቆ ሰውነቱን ያደርቃል፤ ፊቱ ይቀላል፤ ያለቅሳልም። እናት ይህን ስታይ ልጇ እያማጠ አልወጣለት ያለ ይመስላታል። እውነቱ ግን ብዙውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሕፃኑ የሚታገለው ለማስወጣት ሳይሆን ላለማስወጣት ነው።

ይህ ቀላል የሚመስል ልዩነት በሕክምናው ዓለም ተገቢ ቦታውን እስኪያገኝ ድረስ ረዥም ጊዜ ወስዷል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሕፃኑ አንዴ ሥርዓት ያልለመደ፣ አንዴ ግትር፣ አንዴም የአእምሮ ሕመምተኛ ተብሏል፤ እናቱም ከወቀሳ አልዳነችም። ጤና ባለሙያ ዛሬ በምርመራ ክፍሉ ለሚሰጠው ምክር ይህን ታሪክ ማወቅ ጠቃሚ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰዓትን የተከተለ ሥልጠና

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የሕፃናት ሕክምና ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ ሆኖ መቆም ሲጀምር፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩት የኒው ዮርኩ ሐኪም ሉተር ኤሜት ሆልት በ1894 ለእናቶችና ለሞግዚቶች በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ መመሪያ አሳተሙ። መመሪያው ሕፃን ገና በሁለተኛው ወሩ በተወሰነ ሰዓት መጸዳዳትን ሊለማመድ እንደሚችል ያስተምራል። ሞግዚቷ በጉልበቶቿ መካከል ትንሽ ፖፖ ይዛ ሕፃኑን በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ በኋላ ታስቀምጠዋለች። አልመጣ ካለው ደግሞ ትንሽ ቁራጭ ሳሙና ወይም ዘይት የተቀባ የተጠቀለለ ወረቀት በፊንጢጣው በማስገባት ስሜቱን ትቀሰቅሳለች።

በ1912 የተቋቋመው የአሜሪካ መንግሥት የሕፃናት ቢሮም በ1914 ማሳተም በጀመረው የሕፃናት አያያዝ መመሪያ ሥልጠናው በሦስተኛው ወር ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ እንዲጀመር መክሯል። የመጀመሪያው እትም ገርነትን የሚያዝና ቁጣን የሚከለክል ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ የወጣው እትም ግን መነሻውን ወደ መጀመሪያው ወር መጨረሻ ዝቅ አደረገው፤ የሰዓቱንም አጠባበቅ አጠበቀው።

ይህ ሁሉ ከጭካኔ የመነጨ አልነበረም። የሕፃናት ጨርቅ በእጅ በሚታጠብበትና የበጋ ተቅማጥ ብዙ ሕፃናትን በሚቀጥፍበት ከተማ ንጽሕና የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። በዚህ ላይ በዘመኑ በስፋት የታመነ አንድ ንድፈ ሐሳብ ተጨምሮበታል። አንጀት ውስጥ የቆየ ሰገራ መርዝ እያመነጨ ደምን ይበክላል የሚል ነው። በ1908 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ኤሊ ሜችኒኮቭ ትልቁን አንጀት የጎጂ ጀርሞች መኖሪያ አድርገው ይመለከቱት ነበር፤ የለንደኑ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አርበትኖት ሌን ደግሞ የሆድ ድርቀት የጠናባቸውን አዋቂዎች ትልቁን አንጀት ቆርጠው እስከማውጣት ደርሰው ነበር።

አሜሪካዊው ሐኪም ዎልተር አልቫሬዝ በ1919 ይህን ሐሳብ ተቃወሙ። የሆድ ድርቀት ያለበት ሰው ከተጸዳዳ በኋላ ራስ ምታቱና ድካሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል፤ ደም ውስጥ የገባ መርዝ ግን በዚህ ፍጥነት ሊጠፋ አይችልም፤ ስለዚህ ስሜቱ የሚመጣው ከመርዝ ሳይሆን ከታችኛው የአንጀት ክፍል መወጠር ነው የሚል ነበር መከራከሪያቸው። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ከቤተሰቦች አእምሮ በቀላሉ አልወጣም። ሰገራ መርዝ ነው ተብሎ ከታመነ አንድ ቀን መዘግየቱ አደጋ ነው፤ አደጋ ከሆነ ደግሞ ሳሙናው፣ ኢኒማውና የጉሎ ዘይቱ ተገቢ ይሆናሉ። እነዚህ ሁሉ በሕፃኑ ዘንድ የሚተዉት ትዝታ ግን አንድ ነው፤ መጸዳዳት ማለት ሕመም ማለት ነው የሚል።

ጥፋቱ ወደ እናት ሲዞር

ሲግመንድ ፍሮይድ በ1905 ባሳተሙት ሥራ ሕፃን ዓይነ ምድሩን አምቆ በመያዙ ደስታ እንደሚያገኝ ጻፉ፤ በ1908 ደግሞ ሥርዓት ወዳድነትን፣ ቆጣቢነትንና ግትርነትን ከዚሁ የሕፃንነት ልምድ ጋር አያያዙ። ይህ አስተሳሰብ አንድ በጎ ነገር አስከትሏል፤ በግድ የሚሰጥ ሥልጠና ልጅን ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪሞችና ወላጆች እንዲያስቡ አድርጓል። በ1946 የታተመው የቤንጃሚን ስፖክ መጽሐፍ ለዘብተኛ ምክር በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ረድቷል፤ የመንግሥቱም መመሪያ በ1940ዎቹ እየላላ ሄደ።

ጉዳቱ ግን ሌላ ነበር። ማመቅ የፈቃድ ትግል ሆኖ ከታየ ሕፃኑ ተዋጊ፣ እናቱም ተቀናቃኝ ይሆናሉ። በ1950ዎቹ በአሜሪካ የሕክምና መጽሔቶች «ሳይኮጄኒክ ሜጋኮሎን»፣ ማለትም ከአእምሮ የመነጨ የአንጀት መለጠጥ የሚል ስያሜ ይገኝ ነበር። የበሽታው ምንጭ በእናትና በልጅ ግንኙነት ውስጥ ይፈለግ ስለነበር፣ ልጇ ልብሱን ያበላሸባት እናት ወደ ሐኪም ስትሄድ ጥፋተኛ ሆና መመለሷ የሚያስገርም አልነበረም። አንጀቱ በደረቀ ሰገራ የተሞላ ሕፃን ግን ሰገራው ሳይወገድ በምክር ብቻ ሊድን አይችልም።

ከሂርሽፕሩንግ በሽታ መለየት

በዚሁ ጊዜ ሌላ የታሪክ መስመር ጎን ለጎን ይጓዝ ነበር። የኮፐንሃገኑ የሕፃናት ሐኪም ሃራልድ ሂርሽፕሩንግ በ1886 በርሊን በተደረገ ጉባኤ ላይ ከተወለዱ ጀምሮ በሆድ ድርቀት ተሰቃይተው የሞቱ የሁለት ሕፃናትን ታሪክ አቀረቡ። የሁለቱም ትልቁ አንጀት ከመጠን በላይ ሰፍቶ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ዓይናቸውን የጣሉት በሰፋው ክፍል ላይ ነበር። ሕመሙ ያለው ግን ከሱ በታች ባለው፣ ጤነኛ በሚመስለው ጠባብ ክፍል ነው። በ1948 ኦርቫር ስዌንሰን በቦስተን ይህን ጠባብ ክፍል በማውጣት ሕፃናቱ እንደሚድኑ አሳዩ፤ በክፍሉ ውስጥ የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚመሩት የነርቭ ሕዋሳት አለመኖራቸውም በዚያው ዓመት በወጣ ጥናት ተጠናከረ።

ይህ ግኝት ሁለት ዓይነት ሕፃናትን ለመለየት አስቻለ። የሂርሽፕሩንግ በሽታ ያለበት ሕፃን ችግሩ የሚጀምረው ከልደት ነው፤ የመጀመሪያው ጥቁር ዓይነ ምድር ከ48 ሰዓት በላይ ይዘገያል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ዕድገቱ ይጓደላል፤ በጣት ሲመረመር የታችኛው አንጀት ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የሚያምቀው ሕፃን ግን በሕፃንነቱ ወራት ደኅና የነበረ፣ ዕድገቱ ያልተጓደለ፣ አንጀቱ እስከ ፊንጢጣው ድረስ በሰገራ የተሞላ ነው። የመጀመሪያው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው አያስፈልገውም።

ሁለት መንገዶች በ1960ዎቹ መባቻ

ቤሪ ብራዝልተን የተባሉት የማሳቹሴትስ ሐኪም በ1962 በአሥር ዓመት ውስጥ የተከታተሏቸውን የ1170 ሕፃናት ታሪክ አሳተሙ። ወላጆች ሥልጠናውን በ18 ወር ገደማ ሕፃኑ ዝግጁነቱን ሲያሳይ እንዲጀምሩ፣ እምቢ ሲል እንዲተዉት፣ ሲችል ደግሞ እንዲያመሰግኑት መክረው ነበር። ትኩረታቸው ማመቅ እንዳይጀመር መከላከል ነበር።

በ1963 ደግሞ የኒው ዮርኩ መሪ ዴቪድሰንና ባልደረቦቻቸው ማመቅ ለጀመሩት ልጆች ሦስት ደረጃ ያለው ሕክምና አቀረቡ። በመጀመሪያ የተጠራቀመው ሰገራ ይወገዳል፤ ቀጥሎ ልጁ ሊያምቀው ቢሞክር እንኳ እንዳይችል ዓይነ ምድሩ ለወራት በፈሳሽ ፓራፊን ይለሰልሳል፤ በመጨረሻም ልጁ በመደበኛ ሰዓት መቀመጥን ሲለምድ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። የዘዴው ጥንካሬ በቀላል እውነት ላይ መቆሙ ነው። ፍርሃትን በቃል ማስወገድ አይቻልም፤ ልጁ ደጋግሞ ያለ ሕመም ሲጸዳዳ ግን ፍርሃቱ ራሱ ይለቀዋል።

ከኬንያ የባሕር ጠረፍ የተገኘ ማስረጃ

የዝግጁነት ዕድሜ የተፈጥሮ ሕግ ሆኖ መታየት በጀመረበት ጊዜ፣ ማርተን እና ራሄል ዴቭሪስ በኬንያ የባሕር ጠረፍ ከሚኖረው የዲጎ ሕዝብ ያገኙትን በ1977 አሳተሙ። የዲጎ እናቶች ሥልጠናውን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጀምራሉ፤ ሕፃናቱም ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቀንም ሌሊትም በመጠኑ ይለምዳሉ። በዕድሜ ብቻ ከተመዘነ ይህ ከሆልት መመሪያ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። እናትና ልጅ ከሰውነት ሰውነት ሳይለያዩ ይውላሉ፤ እናት የልጇን ምልክት ተከትላ ታስቀምጠዋለች፤ ሳሙናም ቅጣትም የለም። ስለዚህ ወሳኙ የተጀመረበት ወር ሳይሆን ሕፃኑ ሕመምና ግዴታ የገጠመው መሆን አለመሆኑ ነው።

የቅደም ተከተሉ ጥያቄ

አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቆይቶ ነበር። እምቢታው ነው ድርቀቱን የሚያመጣው ወይስ ድርቀቱ እምቢታውን? ብሩስ ታውብማን በ1997 በፊላደልፊያ አካባቢ 482 ሕፃናትን ተከታትለው፣ ከመቶ 22ቱ ሽንታቸውን በመጸዳጃ እየሸኑ ዓይነ ምድራቸውን ግን ቢያንስ ለአንድ ወር እምቢ እንዳሉ አሳዩ። ነገሩ የጥቂት አስቸጋሪ ልጆች ባሕርይ አለመሆኑ በዚህ ታወቀ። ናታን ብለም፣ ታውብማንና ባልደረባቸው በ2004 ባሳተሙት የ380 ሕፃናት ክትትል ደግሞ ደረቅ ዓይነ ምድርም እምቢታም ከታየባቸው ልጆች መካከል ከአሥሩ በዘጠኙ ድርቀቱ ቀድሞ መጥቷል።

መንገዱ ይህን ይመስላል። ሕፃኑ በትኩሳት፣ በምግብ ለውጥ ወይም በሌላ ምክንያት አንድ ጊዜ ደረቅ ሰገራ ይወጣዋል፤ ፊንጢጣው ይሰነጠቃል፤ ያመዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ስሜቱ ሲመጣበት በፈቃድ የሚታዘዘውን ጡንቻ ጨምቆ ይይዘዋል፤ ስሜቱም ያልፋል። ሰገራው በቆየ መጠን ውኃው እየተመጠጠ ይጠነክራል፤ ይገዝፋል፤ ሲወጣም ከፊተኛው ይበልጥ ያማል። እየተለጠጠ የሄደው የታችኛው አንጀት ስሜቱ ይደክማል፤ ከላይ ያለው ቀጭን ዓይነ ምድርም በጠንካራው ጎን እያለፈ ልብስ ያበላሻል። ልጁ ይህን አያውቀውም፤ ሊቆጣጠረውም አይችልም።

ለዛሬው ሥራ የሚተርፈው

ፖሊኢቲሊን ግላይኮል በ1999 በአሜሪካ ለአዋቂዎች የሆድ ድርቀት ከተፈቀደ በኋላ ጣዕም የሌለው በመሆኑ ለሕፃናትም ተመራጭ ሆነ። በ2014 የወጣው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት የጋራ መመሪያ ይህን መድኃኒት በቀዳሚነት፣ በሌለበት ደግሞ ላክቱሎስን በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም በኪሎ ግራም ክብደት ያዛል። ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ወር ሊቀጥል ይገባል፤ ምልክቶቹ ከጠፉ ቢያንስ አንድ ወር ካለፈ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀነሳል፤ መጸዳዳትን በመማር ላይ ላለ ሕፃን ደግሞ መማሩን ሳይጨርስ አይቋረጥም። በተግባር የሚታየው ዋና ስሕተት መድኃኒቱን ሕፃኑ አንድ ሁለት ቀን እንደ ተጸዳዳ ማቆም ነው፤ ፍርሃቱ ገና አልሄደምና ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። ፈሳሽ ፓራፊን ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ለጨቅላ ሕፃናትና መዋጥ ለሚቸገሩ ልጆች አይሰጥም።

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የሚሠራበት የተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና መመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሳል፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ትኩሳትና ስለ ጆሮ ችግር ነው። ገዳዮቹን በሽታዎች ማስቀደሙ ትክክል ነው፤ የሆድ ድርቀት ግን ካልተጠየቀ አይነገርም። ከዚህም የከፋው፣ በጠንካራ ሰገራ ጎን የሚያፈስ ሕፃን ተቅማጥ ይዞታል ተብሎ ሊመጣ መቻሉ ነው። «ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና አድርጎ የተጸዳዳው መቼ ነው? ያመዋል ወይ? እግሩን እያጣመረ ይደበቃል ወይ?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎችና ሆድን በእጅ መዳሰስ ነገሩን ብዙ ጊዜ ይገልጡታል። ከልደት የጀመረ ድርቀት፣ ሐሞት የተቀላቀለበት ትውከት፣ የተነፋ ሆድ፣ የዕድገት መጓደል ወይም የእግር ድክመት ያለበት ሕፃን ግን ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።

ለእናት የሚሰጠው ምክርም ከዚህ ይከተላል። ዓይነ ምድሩ ለስላሳ እስኪሆን ድረስ ሥልጠናው ይቆይ፤ ሕፃኑ በጨርቁ መጸዳዳት ከፈለገ ይፈቀድለት። ከምግብ በኋላ ለአምስት ደቂቃ ያህል እግሩ መሬት በሚረግጥበት ፖፖ ላይ ይቀመጥ፤ የጉድጓድ መጸዳጃ ለሚፈራ ልጅ ይህ በተለይ ይጠቅማል። በመቀመጡ ይመስገን፤ ባለመውጣቱ አይገሠጽ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን እናቲቱ ልጇ እንዳላመፀባት፣ እርሷም እንዳላጠፋች ከባለሙያው አፍ ልትሰማ ይገባል። የሕክምናው ሙያ ለዘመናት ሲወቅሳት ኖሮ የደረሰበት መደምደሚያ ይኸው ነውና።