ክርክሩ እስኪሰማ ወረቀቱ አይነጠቅ

ጉመር ከሰባት ቤት ጉራጌ አንዱ ነው። በሰባት ቤት ሥርዓት በመንደር ሽማግሌ ፍርድ ያልረካ ሰው ጉዳዩን ወደ ጎሳው፣ ከዚያም ወደ የጆካ ሸንጎ ይዞ ይወጣል። በጉመር አረቅጥ ላይ ያደገ ልጅ የመጀመሪያው ፍርድ የመጨረሻው እንዳልሆነ ከባህላዊ ሕጉ ከቂጫው ይማራል። ወገኖቻችን ይህንኑ መብት በደቡብ አፍሪካ እጃቸው ለማስገባት ግን ረጅም ዓመታት ተሟግተዋል።

ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ከሐዲያና ከከምባታ፣ ከጉራጌና ከስልጤ የሚነሳው ወጣት በሞያሌ ወጥቶ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ የደረሰው የሚይዘው መጀመሪያ «አሳይለም» የሚባለውን ወረቀት ነው።

የወረቀቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ ቁጥር 130 ነው። በአንቀጽ 22 የሚሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ ለመቆየት፣ ሠርቶ ለማደርና ልጅ ለማስተማር ያስችላል። ጥያቄው ውድቅ ሲሆን ይግባኝ ለስደተኞች ይግባኝ ሰሚ አካል፣ ቀድሞ ለይግባኝ ቦርድ፣ ይቀርባል። እሱም ከከለከለ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይኬዳል። ዳኞቹ የሚመረምሩት አመልካቹ በአግባቡ መሰማቱን፣ ውሳኔው በሕግና በበቂ ምክንያት መሰጠቱን ነው። ጉድለት ካገኙ አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔውን ሽረው ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ይመልሱታል።

በወረቀት ሲታይ መልካም ነው። ችግሩ የነበረው ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ባለው ጊዜ ነው። የይግባኝ ቦርዱ «አይሆንም» ካለ በኋላ የስደተኞች መቀበያ ቢሮ ፈቃዱን አላድስም ይል ነበር። ክሱን የከፈተው ሰው በአንድ ጀምበር ሕገወጥ ይሆን ነበር፤ ዳኛ ፊት ከመቆሙ በፊት ተይዞ ሊባረር ይችል ነበር። ከተባረረ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ምን ይረባዋል? ከዚህ የከፋ በደል አይታየኝም፤ የመክሰስ መብት ሰጥቶ ከሳሹን ማባረር ነውና።

ይህን ያቆመው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2018 የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው። ጉዳዩን ያቀረቡት ከኬፕ ታውን የተነሱ ጥገኝነት ጠያቂዎች ነበሩ። ዳኛ ማድላንጋ የጻፉትና ብዙኃኑ የተስማሙበት ፍርድ፣ የፍርድ ቤቱ ምርመራ እስኪያልቅ ድረስ ቢሮው ፈቃዱን የማደስ ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። በጆሃንስበርግ የጄፒ ጎዳና ያለ ወገናችን ነጋዴ ሱቁን ከፍቶ ክርክሩን መጠበቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሱቅ ጋር በተያያዘ ሌላም ድል አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የሊምፖፖ ግዛት ፖሊስ የስደተኞችን ሱቆች በዘመቻ ሲዘጋ፣ የሶማሌና የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ማኅበራት ተባብረው ሞገቱ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 የብሉምፎንቴኑ የጠቅላይ ይግባኝ ፍርድ ቤት ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ የንግድ ፈቃድ ሊያገኝ እንደሚችል ፈረደላቸው። በንግድ ለሚያድር ሕዝብ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ የደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ ጠብቋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 እና በሰኔ 2023 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በሁለት ኢትዮጵያውያን ጉዳይ መባረርን አግዷል። በኋለኛው ፍርድ ግን ጥገኝነት መጠየቅ ብቻውን ከእስር እንደማያስፈታ ተናግሯል። ይህ ያሳዝናል፤ እስር ቤት ያለ ሰው ጠበቃና አስተርጓሚ ፈልጎ ለማግኘት ይቸገራልና።

በአገራችንም ሕጉ ይህን በር ከፍቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 የተከለከለ አመልካች እስከ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲደርስ ይፈቅዳል። እኛ ለሌላው የሰጠነውን ለልጆቻችን ከሌላው መጠየቃችን ተገቢ ነው።

በደቡብ አፍሪካ ልጅ ያላችሁ የአረቅጥ ቤተሰቦች ለጠበቃ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ልጃችሁን አንድ ነገር ጠይቁት፦ የይግባኙ ውሳኔ መቼ ደረሰህ? አስተዳደራዊ ውሳኔ እንዲመረመር ክስ የሚቀርበው ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በ180 ቀን ውስጥ ነው።